ባለቤት ያጣው የጫጩት ቤት

በአንድ ወቅት፣ ነሐሴ ላይ ፀሐይ እንደ እንግዳ ብቅ ብላ በምትመለስበት ደጋ፣ አቶ ደርበው የሚባሉ ጫጩት አሳዳጊ ይኖሩ ነበር። ከከተማ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ያስመጣሉ፤ ላባ አውጥተው ብርዱን እስኪችሉ ድረስ በአንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ በአምፖል እያሞቁ ያሳድጓቸዋል፤ ከዚያ የአካባቢው ሴቶች እየመጡ ይወስዳሉ። ቤቲቱ ጠባብ ናት። በገቢዋ አንድ ቤተሰብ ታኖራለች፤ ሁለተኛ አትችልም።

ልጆቻቸው ግን ሦስት ነበሩ። ትልቁ ደጀኔ ሚስትና አራት ልጆች አሉት። መካከለኛዋ ዘርፌ ከባሏ ተፋትታ፣ ሴት ልጇን አዝላ ወደ አባቷ ግቢ የተመለሰች ናት። ትንሹ አጥላው ሊያገባ ያሰበ ነው፤ የልጅቷ አባት «ምን ይዞ ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልስ ስለጠፋ የላካቸው ሽማግሎች እንደሄዱ ተመልሰዋል። የእርሻው መሬት ከአያት ጀምሮ ሲከፋፈል ኖሮ በሬ ማዞሪያ እንኳ አጥቷል። ስለዚህ ሦስቱም አንድ ነገር ያውቃሉ። የጫጩት ቤቱ የደረሰው ከአገሩ ይኖራል፤ የቀሩት ሁለቱ ቆላ ወርደው የሰው ማሳ ያርማሉ።

አቶ ደርበው ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች ወደ ከተማው መጥተዋል ሲባል ጊዜው አልመቻቸውም፤ ሁለት መቶ ጫጩት ገና መግባቱ ነው። ቢሆንም ሐኪሞቹ እንደገና መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም። ልጆቻቸውን ሰብስበው እንዲህ አሏቸው።

«ጫጩት አፍ የላትም የሚል ሰው አይቷት አያውቅም። በርዷት እንደሆነ ከአምፖሉ ሥር ተደራርባ ትጮኻለች። ሙቀት በዝቶባት እንደሆነ ምንቃሯን ከፍታ ግድግዳ ለግድግዳ ትሸሻለች። ሲመቻት ተበትና ትለቅማለች። እኔ በዚህ ዓይኔ እንኳ በድምፃቸው አውቃለሁ። ሙቀት አታሳጧቸው። አየር አታሳጧቸው፤ ግን ከላይ ይግባ እንጂ ከታች አይምታቸው። ስፍራ አታሳጧቸው፤ ማዕዘን ካገኙ ተጫጭነው ይተላለቃሉ፤ ካርቶኑን አዙራችሁ ክብ አድርጉት።»

እስከዚህ ድረስ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። ቀጥለው ግን፣ «ስመለስ በማን እጅ ደኅና እንደዋሉ አያለሁ። ቤቱ የዚያ ነው» አሉ። አብራችሁ ጠብቁ አላሉም። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ስትፈርዱ ትፈልጉታላችሁ።

አባታቸውን ሸኝተው ሲመለሱ ጀመሩ።

«ጋሼ» አለች ዘርፌ፣ «የወለድካቸውን አራቱን አንድ ቀን አቅፈህ አታውቅም። ዛሬ ጫጩት ልታቅፍ ነው?»

«አንቺስ? በር መዝጋት ብትችዪ ባልሽ ያመልጥሽ ነበር?» አላት ደጀኔ።

አጥላው ሣቀ። «አባባ ዓይናቸውን ሳይሆን ጆሯቸውን ቢታከሙ ይሻል ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት እናንተን ሲሰሙ ኖረው።»

እንደ መስኖ ውኃ ተራ ገቡ። በዚያ አገር አንድ ወንዝ ለብዙ ማሳ ስለሚከፈል፣ ውኃው በተራህ ካንተ ቦይ ሲገባ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል እንጂ እጁን አያስገባም። ጫጩቶቹንም እንደዚያው አደረጓቸው። አንዱ በተራው ያየውን ለሌላው አይነግርም። ቤቱን ለማግኘት የሚሻለው ዝምታ መሰላቸው። ለጥቂት ቀናት አምፖሉ በራ፣ ጫጩቶቹም ተበትነው ለቀሙ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ቆርቆሮውን እንደ ድንጋይ ደበደበው፤ ምድሩ ነጣ፤ መብራትም ጠፋ። ተራው የደጀኔ ነበር።

ደጀኔ ጫጩቶቹ በጠፋው አምፖል ሥር ሲደራረቡ አየ፤ ጩኸታቸውንም ሰማ። ቤቱ ሮጦ ከሰል በሁለት ማንደጃ አቀጣጠለ። ሞኝ አይደለም፤ ጭሱ እስኪወጣለት፣ ቀይ ፍም እስኪሆን ድረስ በታዛ ሥር ጠበቀ። ከዚያ ወደ ጫጩቶቹ ይዞት ገባ። በዚያ አገር ደግሞ ከበሽታ ሁሉ የሚፈራው ነፋስ ነው። መኪና ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ይገሠጻል። አራስ የተኛችበት ቤት ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ደጀኔም እናቱ እሱን ስትወልድ እንደተደረገው አደረገ፤ ከጣሪያው ሥር ያሉትን መተንፈሻዎች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቀ፣ በላዩም ጭቃ መረገበት። ቤቱ ሞቀ። ጫጩቶቹ ተበተኑ፤ መልቀም ጀመሩ። የሚጨምረው ከሰል ቤት ስላለቀ ከመንደሩ ሱቅ ሊያመጣ ሲወጣ በሩን በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በተራው ማንም እንዳይገባበት ነው።

ፍም አይጨስም፤ አይሸትም። አየር በሌለበት ቤት ግን ያፍናል። ይህን ደጀኔ ብቻ ሳይሆን ከእኛም ውስጥ ብዙው የሚያውቀው ሰው ከሞተበት በኋላ ነው።

ዘርፌ ተራዋ አልነበረም። በረዶው ጋብ ሲል ዝናቡ ግን ሳይቆም በዚያ በኩል አለፈች፤ ድምፅ አልሰማችም። ሁለት መቶ ጫጩት ባለበት ቤት ድምፅ መጥፋቱ አስደነገጣት። በበሩ ስንጥቅ ብታይ ከማንደጃዎቹ ዙሪያ የወደቁ፣ ምንቃራቸውን የከፈቱ ጫጩቶች አየች። በሩ ተቆልፏል። መጥረቢያ አምጥታ የእንጨቱን መስኮት ሰበረች፤ ዘላ ስትገባ ክቡን ካርቶን ረግጣ ጣለችው፤ ማንደጃዎቹን አንድ በአንድ አንስታ በመስኮቱ ጭቃው ላይ ወረወረቻቸው፤ እጇ ተቃጠለ። ከረጢቶቹን ሁሉ ነቀለች። አየር ገባ። ሞተዋል ካለቻቸው ብዙዎቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እሷን ግን ራሷን አዞራት። በመስኮቱ ወጥታ ግድግዳው ሥር አስመለሳት፤ ጭቃው ላይም ወደቀች። ከኋላዋ በተሰበረው መስኮት፣ በጫጩቶቹ ቁመት ልክ፣ ዝናብ ያዘለ ነፋስ ገባ። ጫጩቶቹ ሸሹ። የሸሹበት ማዕዘን ላይ አንዱ በሌላው ላይ ወጣ። ዘርፌ ጩኸታቸውን ትሰማለች፤ ምን ማለት እንደሆነም ታውቃለች። መነሣት አልቻለችም።

አጥላው ሲደርስ እህቱን ጭቃ ላይ አገኛት። በጋቢዋ ጠቅልሎ ወደ ታዛ አስገባት።

«እታለም፣ ይሰማሻል?»

«ተወኝ። እነሱን እይ» አለችው።

ሄዶ ክምሩን በተነ። ከታች የነበሩት ተጨፍልቀዋል። የቀሩትን በቅርጫት ለቀመ። የደጀኔ ሚስት እሳት ላይ ውኃ ነበራት፤ ያንን በትንንሽ ጀሪካኖች ሞልቶ እንዳያቃጥል በጨርቅ ጠቀለለ፤ ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዞ ከመካከል አኖረው፤ የካርቶኑን ክዳን በስቶ ጠንካሮቹን ጫጩቶች በዙሪያው አስገባ። ውኃው ለሁሉም አልበቃም። ሌላ እስኪፈላ ደግሞ ደካሞቹ አይጠብቁም፤ እጁ ላይ እየቀዘቀዙ ነው። ጎረቤት እማማ ጌጤ የሚባሉ ባልቴት አሉ። ሦስት ዶሮዎች አሏቸው፤ ሦስቱም ዕንቁላል ታቅፈው ነበር። እማማ ጌጤ ለቅሶ ሄደው በረዶው ከማዶ አስቀርቷቸዋል። አጥላው ሳያስፈቅድ ገባ፤ ዶሮዎቹን ከዕንቁላላቸው ላይ አነሣ፤ ወደ ግቢያቸው አምጥቶ ጨለም ባለ ጥግ አስቀምጦ ደካሞቹን ጫጩቶች በክንፋቸው ሥር ሰደዳቸው። ዶሮዎቹ አጉረመረሙ፤ ኋላ ክንፋቸውን ዘረጉ። ዕንቁላሎቹን እዚያው ትቶ ጭድ አልብሷቸው ነበር። ጭድ ግን ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ከራሱ አያመነጭም።

በዚህ መካከል ደጀኔ ከሰሉን ይዞ ተመለሰ። የተሰበረውን መስኮት አየ፤ የሞቱትንም አየ።

በዚያ አገር የርቢ ሥርዓት አለ። የሰው እንስሳ ለማርባት የተቀበለ ሰው፣ ከተወለደው ግማሹን ይወስዳል፤ እንስሳው ቢሞትበት ግን ቆዳውን አስቀምጦ ለባለቤቱ ማሳየት ግዴታው ነው። ካላሳየ እንደበላው ይቆጠራል። ስለዚህ ሦስቱ የሞቱትን ጫጩቶች አልቀበሯቸውም። አባታቸው እስኪመጡ ማዳበሪያ ላይ ደረደሯቸው። ሲደረድሩም ተጣሉ።

«መስኮቱን ማን ሰበረ? እኔ ስወጣ ሁሉም ይለቅሙ ነበር» አለ ደጀኔ።

«ሲለቅሙ አፍነሃቸዋል» አለች ዘርፌ። «የታፈኑት ያንተ ናቸው።»

«የታፈኑት የትኞቹ ናቸው? ለዪልኝ።»

ዘርፌ ጎንበስ አለች። አንዱን አነሣች፤ ሌላውን አነሣች። የታፈነውም፣ የተጨፈለቀውም፣ የበረደውም ቢጫ ነው፤ አንገቱም አንድ ዓይነት ይዝላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው አጠራጣሪውን ወደ ሌላው ክምር ሲገፉ አመሹ። አጥላው ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ፣ «እኔ የገደልኩት የለኝም» አለ።

በማግሥቱ እማማ ጌጤ መጡ። ነጠላቸው ገና እንደ ለቅሶ ነው የተለበሰው።

«ዶሮዎቼን ፈልጌ ነው፤ እዚህ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ።»

«እኔ ነኝ የወሰድኳቸው፣ እማማ» አላቸው አጥላው።

«ዕንቁላሉስ?»

ባልቴቲቱ ወደ ጥጉ ሄደው የአንዷን ዶሮ ክንፍ ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ቢጫ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ።

«ተቀብለዋቸዋል እንዴ?»

«ተቀብለዋል።»

«እንግዲያ አሁን ብወስድባቸው እነዚህም ይሞታሉ» አሉና ክንፉን መልሰው ሄዱ። ሦስቱ ልጆች ከጓሮ ሆነው አዩአቸው። ባልቴቲቱ ዕንቁላሎቹን በእቅፋቸው አውጥተው፣ አንዱን ሰብረው አዩት፤ የቀሩትን ሳይሰብሩ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩ። በሰበሩት ውስጥ ለስላሳ ላባ ያወጣ ጫጩት ነበረ።

ቢረግሟቸው ይቀል ነበር። እርግማን መልስ አለው፤ ይታረቁበታል። እማማ ጌጤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጧት ጧት ለዶሮዎቹ ጥሬ ይዘው ይመጡና፣ «አደሩ?» ብለው ጠይቀው ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲህ በክምሩ ላይ የተጣላ የለም።

አቶ ደርበው አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ አንዱ ተገልጦ መጡ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «ከማዶ ያለውን አህያ ቆጠርኩ» እያሉ ነው ግቢ የገቡት። ከዚያ ማዳበሪያውን አዩ። ጎንበስ ብለው ቆጠሩ፤ ሃምሳ አራት ሞቷል። መቶ አርባ ስድስቱ አሉ።

«ዓይኔ የተገለጠው ለዚህ ነው?» አሉ። ቆይተውም፣ «የማን የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ደጀኔ ማዳበሪያውን ወደ ራሱ ሳበ። «የእኔ ናቸው፤ ሁሉም። አየር አታሳጧቸው ብለውኝ ነበር። ስቆልፍ ድምፃቸው ቀንሶ ነበር፣ አባባ። ሰምቻለሁ። ሞቋቸው ተኙ ብዬ ደስ አለኝ። ገብቼ ባያቸው ኖሮ…። ዘርፌ እንዳትቀድመኝ ቸኮልኩና ቆለፍኩ።»

ዘርፌ በተቃጠለ እጇ ማዳበሪያውን ከእሱ ወደ ራሷ ሳበችው። «እሱ ባያውቅ ነው። እኔ እያወቅኩ ነው። ስወጣ ጋቢዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። መስኮቱ ላይ ልጋርደው አስቤ ነበር፤ አቅሙም ገና ነበረኝ። ደጀኔ መጥቶ የሠራውን ይየው፣ ሰውም ይየው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ነው የወደቅኩት።»

አጥላው ወደ ማዳበሪያው አልቀረበም። «የእኔዎቹ እዚህ የሉም። እማማ ጌጤ ጓሮ ተቀብረዋል። ዕንቁላሎቹን ጭድ ከማልበሴ በፊት አንዱን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነበር። ከውስጥ ይቆረቁራል፤ ይጮኻል። ሊፈለፈሉ ደርሰው ነበር። ሰምቼ መልሼ አኖርኩት። የእኛ አይደለም ብዬ።»

አቶ ደርበው ከሽማግሌ ይልቅ ልጅ መሰሉ። «እኔስ?» አሉ። «እኔ አይደለሁ እንደ አውራ በግ ያፎካከርኳችሁ?»

ነገሩ ወደ አገር ሽማግሎች ሄደ። ዋርካው ሥር ተቀምጠው ሰሙ።

አንዱ ሽማግሌ እንዲህ አሉ። «ያ በረዶ ሲወርድ ደጀኔ እሳት ባያመጣ ኖሮ ዘርፌም የምታነቃው፣ አጥላውም የሚለቅመው ጫጩት አይኖርም ነበር። ያደረገውን እኛም እናደርገው ነበር። የበኩር ልጅ ነው፤ የሚያበላቸው አራት አፎች አሉት። ቤቱ የእሱ ነው።»

ሁለተኛው እንዲህ አሉ። «ዘርፌ ባትሰብር ሁሉም በሙቀት ውስጥ ያልቁ ነበር። ተራዋ ሳይሆን፣ ሕይወቷን አስይዛ ገባች። ጋቢውን ባትሰቅልስ? ሊገድላት በነበረ የፍም አየር ታፍና ያሰበችውን እንደ ኃጢአት አንቆጥርባትም። ቤቱ የእሷ ነው።»

ሦስተኛው እንዲህ አሉ። «ዛሬ በሕይወት ያሉት በአጥላው እጅ የቆሙ ናቸው። ከሦስቱ ሙቀትን፣ አየርን፣ ስፍራን አንድ ላይ የሰጠ እሱ ብቻ ነው። የጎረቤት ዕንቁላል ይተካል። ቤቱ የእሱ ነው።»

ከዳር ቆማ ትሰማ የነበረች፣ ከሽማግሎቹ የአንዱ ሚስት ጣልቃ ገባች። «የደካሞቹ ሙቀት የማን ነበር? የጌጤ ዶሮዎች አይደለም? ርቢ ቢሆን ኖሮ ያሳደጉት ግማሹ የባለ ዶሮዋ ነው። ያልፈቀደችበት ደግሞ ከርቢም ይብሳል። ጌጤን ማን ጠየቃት?»

እማማ ጌጤን ጠየቋቸው። «እኔ ቤት አልለመንኩም» አሉ። «ዶሮዎቼ ሲጨርሱ ይመለሱልኝ።»

ሽማግሎቹ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ደጀኔ «ለእህቴ ይሁን» አለ። ዘርፌ «ለአጥላው» አለች። አጥላው «ለእማማ ጌጤ ነው የሚገባው» አለ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ አንዳንዱም አለቀሰ። እኔ ግን በዚህ እንዳትታለሉ እላችኋለሁ። መሬት የሌለው ሰው ቤት አልፈልግም ሲል የሚናገረው ጸጸቱ ነው፤ ጸጸት ደግሞ ልጅ አያበላም። የደጀኔ ልጆች ያንኑ ማታ እራት ጠይቀዋል። የዘርፌ ልጅም ጠይቃለች። አጥላው ያሰባት ልጅ አባትም መልስ ይጠብቃሉ። ቤቱን አንዱ ይወስዳል፤ ሌሎቹ ይወርዳሉ። የወሰደውም ቢሆን የቀሩትን በተመለከተ ቁጥር ማዳበሪያው ትዝ ይለዋል።

ይህን ታሪክ ባወራሁበት ቦታ ሁሉ ሰው ተከራክሯል። «ዕንቁላሎቹንስ ለምን በጀሪካን አላሞቃቸውም?» ያለኝ አለ፤ ውኃው አልበቃም ብያለሁ። «ሦስቱ አብረው ይሥሩበት» ያለኝም አለ፤ ቤቲቱ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንደምታኖር አስታውሼዋለሁ። «የከፋው አባትየው ነው» ያለኝ አለ፤ ይሆናል፣ ግን አባት የቤቱ ሰጪ እንጂ ተቀባይ አይደለም። የዳኑትን በአንድ በኩል፣ የሞቱትን በሌላ በኩል አድርጌ ደጋግሜ መዝኛለሁ። የዳኑትን ስቆጥር ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል አንድም ጫጩት አይተርፍም። የሞቱትን ስቆጥር ደግሞ ከሦስቱ አንዱም ንጹሕ የለም።

ጫጩቶቹ ላባ እያወጡ ነው፤ ሴቶቹም በቅርቡ ይመጣሉ። አቶ ደርበው በተገለጠው ዓይናቸው ሦስቱን ልጆቻቸውን እያዩ አንድ ስም ይጠሩ ዘንድ ተቀምጠዋል፤ ስሙ ግን ከአፋቸው አልወጣም።

እናንተ ፍረዱ። ሙቀት ሰጥቶ አየር ለነሣው? አየር ሰጥታ ሙቀት ለነሣችው? ሁለቱንም ሰጥቶ የሰው ለነጠቀው? ወይስ ሳትጠየቅ ለሰጠችው፣ ተጠይቃም እምቢ ላለችው? ቤቱ ለማን ይገባል?